ለአሮጌ ሚኒባስ የገዛሁት የኮምፕሬሽን መለኪያ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ይህን የኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየር ሲያምቅ የሚፈጠረው ግፊት) መለኪያ የገዛሁት፣ ባለ4 ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ያለው አሮጌ ሚኒባሴ ሚኒሞ ላይ (ቆሞ ፔዳሉ ሳይረገጥ ሲሠራ) እየተንቀጠቀጠ ዳገት ላይ ጉልበት ሲያንሰው፣ ካንዴላዎቹ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉት) እና የካንዴላ ገመዶቹ ተቀይረውም ችግሩ ባለመወገዱ ነው። ዕቃው እስከ 300 ፒኤስአይ (የግፊት አሃድ) የሚያነብ ሰዓት፣ በካንዴላ ቀዳዳ በጥርስ የሚታሰር ቱቦና የተለያየ መጠን ያላቸው ማገናኛዎች አሉት። በእጅ ተጭኖ የሚያዝ፣ ጫፉ ጎማ የሆነ ርካሽ ዓይነትም ይሸጣል፤ ነገር ግን ሞተሩ ከፊት ወንበር ሥር ለተቀበረበት ሚኒባስ አይሆንም፤ እጅ ቀጥ ብሎ ስለማይገባ አየር ያመልጣል።

አብሮት የመጣው መመሪያ ግን ደካማ ነው። ካንዴላዎቹ በሙሉ እንዲወጡ፣ ነዳጁና የእሳት መስመሩም እንዲቋረጡ ያዝና፣ በልኬቱ ጊዜ የቤንዚን ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ተረግጦ መቆየት እንዳለበት ሳይጠቅስ ያልፋል። ይህ ቀላል ግድፈት አይደለም። የአየር መግቢያው ከተዘጋ ሲሊንደሮቹ የሚያምቁት አየር ስለሚያንሳቸው ንባቡ በሁሉም ላይ ዝቅ ይላል፤ የደከመ ባትሪ ሞተሩን በዝግታ ሲያዞረውም ውጤቱ ያው ነው። በእንዲህ ያለ ንባብ ተደናግጦ ደህናውን ሞተር ለማስወረድ የሚጣደፍ ሰው አይጠፋም።

ሞተሩ ሞቆ፣ ባትሪውም ሞልቶ ሲለካ ሦስቱ ሲሊንደሮች ከ150 እስከ 155 ፒኤስአይ ሲሰጡ 3ኛው 95 ላይ ቆመ። ከቁጥሩ ይበልጥ የጠቀመኝ የመርፌው አካሄድ ነው። በደህናዎቹ ላይ መርፌው በመጀመሪያው ምት ከመጨረሻው ንባብ ግማሽ በላይ ዘልሎ ከጥቂት ምቶች በኋላ ሲረጋ፣ በ3ኛው ላይ ግን ዝቅ ብሎ ተነሥቶ ብዙም ሳይጨምር ቀረ። ፋሻው (በፒስተኑ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ቀለበት) ያለቀ ሲሊንደር ዝቅ ብሎ ቢጀምርም አብዛኛውን ጊዜ በየምቱ እያደገ ይሄዳል። ለማረጋገጥ 5 ሚሊ ሊትር ያህል የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምሬ ደግሜ ለካሁ። ዘይቱ ፋሻው የሚያሳልፍበትን ክፍተት ለጊዜው ስለሚደፍን፣ ጥፋቱ ከፋሻ ቢሆን ኖሮ ንባቡ በጉልህ ይጨምር ነበር፤ የተገኘው 98 ብቻ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ቢወርዱ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛ ክዳን) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ይጠረጠራል፤ የወረደው አንድ ብቻ በመሆኑ ግን ጥርጣሬዬ አየር ወደሚያስገባውና ጭስ ወደሚያስወጣው በር፣ ወደ ቫልቭ፣ አዘነበለ።

መለኪያው ከዚህ በላይ አይናገርም። ፒስተኑ ሁለቱም ቫልቮች በሚዘጉበት የላይኛው ነጥብ ላይ ቆሞ የታመቀ አየር በካንዴላው ቀዳዳ ሲገባ፣ ከማርሚታው (ከጭስ መውጫው) በኩል የማያቋርጥ ፉጨት ተሰማ። ቴስታታው ከመወረዱ በፊት የቫልቭ ክፍተቱ (በቫልቩና እሱን በሚገፋው ክፍል መካከል ያለው) ሲታይም፣ በ3ኛው ሲሊንደር የጭስ ማስወጫ ቫልቭ ላይ ቀጭኑ የመለኪያ ቅጠል እንኳ አልገባ አለ፤ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም ማለት ነው። ክፍተቱ ሲስተካከል ንባቡ ወደ 145 ከፍ አለ፤ ከወራት በኋላ ደግሞ 140 ነው። የቫልቭ መቀመጫ እየተበላ ሲሄድ ክፍተቱ እንደገና ስለሚጠብ፣ ያቺን የ5 ፒኤስአይ ቅናሽ እየተከታተልኳት ነው።

የብዙ ቤንዚን ሞተሮች ንባብ ከ120 እስከ 180 ፒኤስአይ ባለው መካከል ይገኛል። ከባህር ጠለል 2,000 ሜትር ከፍ ባለ ቦታ ግን የአየር ግፊቱ በ20 በመቶ ገደማ ስለሚቀንስ የመለኪያው ንባብም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ እኔ የማየው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ ከ15 በመቶ ካለፈ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ስለ ጥንካሬው፣ ሰዓቱና ቱቦው እንደነበሩ ናቸው። ቶሎ የደከመው በቱቦው ጫፍ ያለው፣ የታመቀውን አየር እንዳይመለስ የሚይዘው ትንሽ ቫልቭ ነው፤ ማስለቀቂያው ሳይጫን መርፌው እየወረደ መጣ። የጎማ ንፋስ የሚይዘው ቫልቭ በመልክ ተመሳሳይ ቢሆንም ምላሱን የሚገፋው ሞላ ጠንካራ ስለሆነ ንባቡን ዝቅ ያደርገዋል፤ ለመለኪያው ተብሎ የተሠራውን መፈለግ ይገባል። ለናፍጣ ሞተር ፈጽሞ አይሆንም፤ የናፍጣ ኮምፕሬሽን ብዙ ጊዜ ከ300 ፒኤስአይ በላይ ስለሆነ የራሱ መለኪያ ያሻዋል። በሳጥኑ ውስጥ የ18፣ የ14 እና የ12 ሚሊ ሜትር ማገናኛዎች ቢኖሩም የ10 የለም፤ ቀጭን ካንዴላ ያለው መኪና የሚይዝ ሰው ከመግዛቱ በፊት ይህን ይመልከት።