ቱብካልን በበረዶ ወራት ለመውጣት ላሰባችሁ፦ «መሣሪያው ሁሉ ተካቷል» የሚሏችሁን እንዳታምኑ

ይህን የምጽፈው ከሞሮኮ፣ ከማራካሽ ከተማ ነው። ከቱብካል፣ ከሰሜን አፍሪካ ከፍተኛው ተራራ፣ ከወረድን ገና አንድ ቀን አልሞላም፤ ንዴቱም አልበረደም። ለሚቀጥሉት ሳምንታት ትኬት የቆረጡ ከአውሮፓ የሚመጡ ሐበሾች ስለሚኖሩ ሳላድር ልጻፈው።

ሻጮቹን ታውቋቸዋላችሁ። ጀማ ኤል ፍና በሚባለው የማራካሽ አደባባይ አካባቢ ግድግዳዋ በተራራ ፎቶ የተሞላች ጠባብ ቢሮ፣ የናና ሻይ፣ «ወንድሜ፣ እኛም አፍሪካ ነን»፣ ከዚያ የሁለት ቀን የቱብካል ጉዞ። ለአንድ ሰው 1,400 ድርሃም (የሞሮኮ ገንዘብ)፤ ግማሹ ቀብድ፣ ቀሪው ጠዋት መኪና ከመሳፈራችሁ በፊት። ደረሰኙ ላይ የሰፈረው መጓጓዣ፣ አስጎብኚ፣ አዳር፣ ምግብ፣ ክራምፖን (በረዶ ላይ እንዳያንሸራትት ጫማ ሥር የሚታሰር ጥፍር ያለው ብረት) እና የበረዶ መጥረቢያ ነው። የቀሩብን የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው። እዚያ ላይ ነፍስ የሚያተርፉትም እነሱ ናቸው።

ራስ ዳሽንን የወጣ ሰው የቱብካል ከፍታ 4,167 ሜትር ነው ሲባል ላይደነግጥ ይችላል፤ የእኛው ተራራ ይበልጠዋልና። ቱብካልን በዚህ ወቅት አደገኛ የሚያደርገው ግን ከፍታው ብቻ አይደለም። ቀን ፀሐይ ያላላው በረዶ ሌሊት ረግቶ እንደ መስታወት ይጠጥራል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ስለሚላላና ክራምፖኑ ሥር እየተጠቀጠቀ ስለሚያንሸራትት፣ ጉዞው የግድ ከንጋት በፊት፣ በጠጣሩ ላይ ይጀመራል። ጥሩ የተራራ ጫማ ብቻውን እዚያ ላይ አንድ እርምጃ አያስኬድም። ጥፍር ያለው ብረት ጫማው ሥር በደንብ መታሰር አለበት።

የመጀመሪያው ቀን ያለ ችግር አለፈ። በመኪና ጉዞው የሚጀመርበት መንደር ኢምሊል፣ 1,740 ሜትር ላይ። ክራምፖኑ የት እንዳለ ሲጠየቅ አስጎብኚው «ላይ አለ» አለ። የኪራይ ሱቆቹ በራቸው ላይ ክራምፖንና መጥረቢያ ደርድረው እያየን አለፍን። ይህ የእኛ ጥፋት ነው፤ አሁንም ያንገበግበኛል። ከዚያ ፓስፖርት የሚታይበት የፖሊስ ኬላ፣ ሲዲ ሻምሃሩሽ የተባለው የመንገድ ላይ መንደር፣ በረዶው ሲጀምር በቅሎዎቹ ተመለሱ፣ ከሰዓት በኋላ 3,207 ሜትር ላይ ማደሪያው ደረስን። ስለ መሣሪያው ስንጠይቅ «ከእራት በኋላ» ተባለ። ከእራት በኋላ ስንጠይቅ «ጠዋት» ተባለ።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ፣ በጫማ ማውለቂያው ክፍል፣ አስጎብኚው አንድ ማዳበሪያ አምጥቶ ሲሚንቶው ላይ ዘረገፈው። ሰዉ ዘጠኝ ነው፤ ክራምፖኑ ሰባት ጥንድ። መጥረቢያው አራት። ከሰባቱ የአንዱ የኋላ ማሰሪያ ተበጥሶ በሲባጎ ተቋጥሯል። የሌላው የፊትና የኋላ ክፍሉን የሚያገናኘው ብረት አጭር ነው። ይህ ብረት ቀዳዳዎች አሉት፤ በጫማው ቁጥር ልክ ይረዝማል ያጥራል። መጨረሻው ቀዳዳ ላይ ተስቦም ለ45 ቁጥር ጫማ አልደረሰም፤ ተረከዙ ከብረቱ ውጭ ተንጠልጥሎ ቀረ። ይህ ሲነገረው አስጎብኚው በግንባሩ ባትሪ ወደ እግራችን አበራና «ያለ ክራምፖን የሚወጡም አሉ» አለ። ቀጥሎ ከሌላ አስጎብኚ ሁለት ጥንድ እንደሚያመጣ፣ ዋጋውም 300 ድርሃም እንደሆነ ተናገረ። ደረሰኙ ሲታየው መልስ አልሰጠም። ቁጭ ብሎ የራሱን ማሰር ጀመረ። የእሱ አዲስ ነበር፤ ማሰሪያው ሙሉ፣ ጥፍሩ የተሳለ።

በዚያ ሰዓት ምን ይደረጋል? እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለት የስካንዲኔቪያ ተጓዦች በዚያ አካባቢ ከተገደሉ ወዲህ ያለ አስጎብኚ መውጣት አይፈቀድም። ስለዚህ «ተወኝ፣ ብቻዬን እወጣለሁ» ማለት አይቻልም፤ ሱቅ የለም፤ ኢምሊል ብዙ ሰዓት ታች ነው። ሻጩ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። መሣሪያውን ኢምሊል ላይ የማያሳየውም ለዚሁ ነው።

ከፈልን። መጠኑ ያልደረሰው ክራምፖን ግን አልተቀየረም። ከማደሪያው ጎን ወንዙን ተሻግሮ የሚጀምረው ዳገት በጣም ቀጥ ያለ ነው፤ ሰው ሲንሸራተት የሚያስቆመው ነገር የለም። ሃያ ደቂቃ ሳንሄድ ብረቱ ከጫማው ሥር ዞሮ ወጣ፤ በሲባጎ የታሰረውም ተፈታ። አስጎብኚው ሁለቱን ሰዎች «ወደ ማደሪያው ተመለሱ» ብሎ በጨለማ፣ በረጋው በረዶ ላይ፣ ያለ ክራምፖንና ያለ አጃቢ ሰደዳቸው፤ ከቀሪዎቹ ጋር ወደ ላይ ቀጠለ። ገንዘቡን እርሱት፤ ይህን ይቅር ልለው አልችልም። አንድ አስጎብኚ ለዘጠኝ ሰው የመደበ ድርጅት አንድ ሰው ቢደክም ይህ እንደሚሆን ያውቃል። ሁለቱ ቁጭ ብለው እየተንፏቀቁ በሰላም ወርደዋል፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ዛሬ ቢሮው ሄደን አቤት ስንል፣ ሻይ ያቀረበልን ያው ሰው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን «አቅም ስላነሳቸው ነው የተመለሱት» አለ።

የምትሄዱ ከሆነ ክራምፖኑን ኢምሊል ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ በራሳችሁ ጫማ ለኩ። ማሰሪያውን ሳታጠብቁ ጫማውን አንሥታችሁ ስታራግፉት ክራምፖኑ መውደቅ የለበትም፤ የፊት ጥፍሮቹ ከጫማው አፍንጫ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ይውጡ፤ ሥሩ በረዶ እንዳይጠቀጠቅበት የሚከላከል ፕላስቲክ ይኑረው። መጥረቢያውን አናቱን ይዛችሁ ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ ጫፉ ቁርጭምጭሚት ጋ ይድረስ። አስጎብኚው የቱሪዝም ሚኒስቴር የፈቃድ ካርዱን ያሳያችሁ፤ ስንት ሰው እንደሚመራም ቀብድ ሳትሰጡ አስጽፉ። ቀሪውን ሂሳብ ከማራካሽ አትክፈሉ፤ ክራምፖኑ እግራችሁ ላይ ሲጠብቅ፣ እዚያው ኢምሊል ስጡ።