ጠጋኙ ችሎ ነበር፣ ላፕቶፑ ነው እምቢ ያለው

ዘንድሮ አገር ቤት ሦስት ሳምንት ቆይቼ ተመለስኩ። ስለ ሆቴልና ስለ መኪና ኪራይ የሚጽፍ ሞልቷል። እኔ የምጽፈው ላፕቶፔ ስላዞረኝ ዙረት ነው፤ የእረፍቴን ግማሽ የበላው እሱ ነዋ።

የጀመረው በቻርጀር ነው። በገባሁ በሁለተኛው ቀን ገመዱ መሰኪያው አጠገብ ተበጠሰ። ሌላ ገዛሁ፤ ቮልቱም ዋቱም ጫፉም ያው ነው። ስሰካው ላፕቶፑ ቻርጀሩን አላውቀውም የሚል ጽሑፍ አወጣ። ባትሪው አይሞላም፣ ማሽኑም እንደ ኤሊ መጎተት ጀመረ። ሻጩን ልጣላው ሄድኩ። እሱ ግን ሳይከራከር ገንዘቤን መለሰልኝና «ይሄ ሞዴል አመሉ ነው፣ ብዙ ሰው ይመልስልኛል» አለኝ። ለሱ ሙሉ ነጥብ።

ነገሩን የገለጠልኝ የጥገና ባለሙያው ነው። መሰኪያው መሐል ያለችው ቀጭን ፒን ኃይል አታስተላልፍም፤ ቻርጀሩ ውስጥ ካለች ቺፕ መታወቂያ ነው የምታመጣው። መታወቂያው ካልተነበበ ላፕቶፑ ኤሌክትሪኩን እያገኘም ባትሪውን አይሞላም። እርግጥ የማይረባ ቻርጀር ማሽን ሊያቃጥል ይችላል፣ ጥንቃቄው አይከፋም። ግን «በራሴ ኃላፊነት ይሁን» የምልበት አንዲት ምርጫ እንኳ ለምን አልተተወልኝም? ጠጋኙ ልጅ የድሮውን ገመድ ቆርጦ፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በይዶ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አስነሳልኝ።

ጉዱ የመጣው ማታ ነው። ቻርጅ ሲያገኝ አፕዴቱን ሳይጠይቀኝ ጫነና ጠፍቶ ሲነሳ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ አምጣ አለኝ። እኔ የቆለፍኩት ነገር የለም! ለካ መጀመሪያ ቀን በኢሜይል አካውንቴ ስከፍተው ዲስኩ ራሱን ቆልፎ ቁልፉን የሶፍትዌሩ ኩባንያ ሰርቨር ላይ፣ ደመና በሚሉት ቦታ አስቀምጦታል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይቺ ናት። ወደ አካውንቱ ለመግባት ደግሞ በስልክ የሚላክ ኮድ ያስፈልጋል፤ ኮዱ የሚላከው ወደ ውጭ አገር ቁጥሬ ነው፤ ያ ቁጥር ደግሞ ሮሚንግ ስለሌለው አገር ቤት አይሠራም።

በማግስቱ ወደ ልጁ ተመለስኩ። «ጋሼ፣ ፎርማት ላደርግልዎት እችላለሁ፣ ግን ፎቶውም ሥራዎም ይሄዳል። ያለ ቁልፉ እከፍታለሁ የሚልዎት ካለ አይመኑት» አለኝ። ላየበት አንድ ሳንቲም አልተቀበለኝም። ሊያታልለኝ ቢፈልግ እኮ ይችል ነበር።

አሁን ወደ ዜሮዎቹ። አምራቹ ጋ ደወልኩ፤ ሙዚቃ ሲያሰማኝ ቆይቶ ዋስትናዎ የሚሠራው በገዙበት አገር ነው፣ ሶፍትዌሩ ደግሞ የሌላ ኩባንያ ነው ተባልኩ። ሌላኛው ኩባንያ ጋ ሰው የሚባል የለም፤ የሚመልስልኝ ማሽን ነው፣ እያዞረ እዚያው ገጽ ላይ ይጥለኛል።

ዲስክ መቆለፉን አልቃወምም፤ ላፕቶፕ ቢሰረቅ ገመናን ያድናል። ግን ስትገዛው ማን ነገረህ? ወደ ቻርጀሩ ስመለስ ደግሞ፣ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የዋስትና ሕግ አምራች የራሴን ዕቃ ካልተጠቀምክ ዋስትናህ ይቀራል እንዳይል ይከለክላል። የኦሪገን ግዛት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሕግ፣ መለዋወጫ በሶፍትዌር ካልታወቀ አልሠራም የሚባለውን ዘዴ ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ በተሠሩ ዕቃዎች ላይ አግዷል። ጥሩ ነው። ችግሩ ሕጉ አየር ማረፊያ ላይ ሲሸኘኝ ቁልፉ ግን አብሮኝ መሳፈሩ ነው። ስጦታ ብለን ተሸክመን የምናመጣቸው ላፕቶፖችም ያው ናቸው፤ የቀድሞው ባለቤት ከአካውንቱ ሳያወጣቸው ከመጡ ተቀባዩ የሚቀበለው የተቆለፈ ሣጥን ነው።

ስመለስ ሲሙን ከተትኩ፣ ኮዱ መጣ፣ ላፕቶፑ በሁለት ደቂቃ ተከፈተ። ሁለት ሳምንት የፈጀው ነገር! ቁልፉን አሁን ወረቀት ላይ ጽፌ ከፓስፖርቴ ጋር አስቀምጬዋለሁ። ቻርጀሩ ዛሬም የሚሠራው በልጁ ብየዳ ነው።