ለስኩዊድ (የሱፐርኮንዳክተር ቀለበት) ረድፎች የተሞከረ የማስመሰያ ፕሮግራም፦ ግምገማ

የጆሴፍሰን መጋጠሚያ (ሁለት ሱፐርኮንዳክተሮች፣ ማለትም ያለ ሬዚስታንስ ጅረት የሚያሳልፉ ቁሶች፣ በስስ ማገጃ የሚገናኙበት ቦታ) ያላቸውን ሰርኪዩቶች የሚያሰላውን ይህን ነጻ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሞከርኩት፣ በሱፐርኮንዳክተር ሜታማቴሪያል (ከብዙ ትናንሽ ቀለበቶች በተሠራ ሰው ሠራሽ ቁስ) ውስጥ በጥቂት ቀለበቶች ላይ ብቻ ተወስኖ የሚቀረውን ኃይለኛ ንዝረት፣ ማለትም ‹ብሪዘር› የሚባለውን፣ ለማየት ነው። እዚህ እያንዳንዱ ስኩዊድ አንድ መጋጠሚያ ያለበት የሱፐርኮንዳክተር ቀለበት ሲሆን፣ የመጋጠሚያው ጅረት የፌዙን (በመጋጠሚያው ሁለት ጎኖች መካከል ያለውን የሞገድ ማዕዘን ልዩነት) ሳይን ተከትሎ ስለሚለዋወጥ፣ ቀለበቱ በአንድ ዓይነት የውጭ መግነጢሳዊ መስክ ግፊት ሥር ሁለት የተለያዩ የንዝረት መጠኖችን ሊይዝ ይችላል። ብሪዘር የሚገኘውም አንዱን ቀለበት በከፍተኛው፣ ጎረቤቶቹን በዝቅተኛው መጠን አስጀምሮ፣ በቀለበቶቹ መካከል ያለውን መግነጢሳዊ ትስስር ከዜሮ ቀስ በቀስ በማሳደግ ነው። ትስስሩ ደካማ እስከሆነ ድረስ ጉልበቱ ባለበት ይቆያል፤ የሚባክነውንም የውጭው መስክ ይተካል።

ፕሮግራሙ የእያንዳንዱን ቀለበት መነሻ ፌዝ ለየብቻ ለመወሰን መፍቀዱ ለዚህ ሥራ እጅግ ተስማሚ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 መጋጠሚያዎች እንደ መሰላል በተደረደሩባቸው ሰርኪዩቶች ላይ በቤተ ሙከራ የታየውን ዓይነት ብሪዘር፣ ጥቂት መጋጠሚያዎች ቮልቴጅ ሲያሳዩ ሌሎቹ ያለ ሬዚስታንስ የሚቀሩበትን፣ ያለ ችግር አሳይቶኛል።

ትልቁ ጉድለቱ የጊዜ እርምጃውን (በሁለት ተከታታይ ስሌቶች መካከል ያለውን የጊዜ ርቀት) በራሱ ማስፋቱ ነው፤ እርምጃው ሲሰፋ ስሌቱ የሌለ ብክነት ይፈጥራልና ብሪዘሩ በራሱ የከሰመ ይመስላል። እርምጃውን በእጄ እስካሳንስ ድረስ (አምኖ መቀበሉ ያሳፍራል) ሁለት ቀን ሙሉ ስህተቱን በራሴ ቀመር ውስጥ ስፈልግ ነበር። መመሪያው አጭርና ግልጽ ነው። የፈሳሽ ሂሊየምን የ4.2 ኬልቪን የሙቀት ጫጫታ (ሙቀት የሚፈጥረውን የዘፈቀደ መዋዠቅ) ጨምሬ ስሞክር ግን ስሌቱ እጅግ ስለዘገየ ከ400 ቀለበቶች በላይ አልሄድኩም።