መጠይቅ ወይስ ቁጭ ብሎ መነጋገር?

ጅማ ዩኒቨርሲቲ በማኅበረሰብ ተኮር ትምህርቱ ይታወቃል። ተማሪው መጠይቅ ይዞ ሰፈር ለሰፈር ይዞራል፣ ቤት ያንኳኳል። የዶርም፣ የካፌ፣ የክሊኒክና የምክር አገልግሎት ሲመዘን ግን ያው ጠያቂ ተጠያቂ ይሆናል። በምን መንገድ ይጠየቅ?

መጠይቅ ብዙ ሰው ጋ ይደርሳል። ስም ስለማይጻፍበት ተማሪው አይፈራም። የዘንድሮውን ውጤት ከአምናው ጋር ማስተያየትም ይቻላል። ከ1 እስከ 5 ያለው ምርጫ ግን ምክንያቱን አይናገርም። "ካፌ፦ 2" ሲባል ወጡ ቀጥኖ ነው? ሰልፉ ረዝሞ ነው? ወይስ ከላብራቶሪ አምሽተን ስንመጣ በሩ ተዘግቶ?

ውይይት ይህን ያወጣል። ከ6 እስከ 10 ተማሪዎች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ቡና ከተፈላ ደግሞ አፍ ይፈታል፤ ጅማ ላይ ጨዋታ ያለ ቡና አይደምቅም። አንዷ "ማታ ወደ ሻወር ስንሄድ መንገዱ ጨለማ ነው" ካለች ሌሎቹም ይቀጥላሉ። አፋን ኦሮሞ የሚቀለው በአፋን ኦሮሞ ይናገር። አወያዩ ግን ፕሮክተር (የዶርም ተቆጣጣሪ) ወይም ዲን መሆን የለበትም። እኔ ሌላ ከተማ ስማር የሰበሰበን ራሱ ኃላፊው ነበር። ትንፍሽ ያለ ሰው አልነበረም።

10 ሰው ግቢውን ሁሉ አይወክልም፣ እውነት ነው። ቢሆንም ለእኔ ውይይቱ ይቅደም። እዚያ የተነሳው ነገር ጥያቄ ሆኖ መጠይቁ ውስጥ ይግባ፤ ስንቱን ተማሪ እንደሚነካ ያኔ ይቆጠራል። ውጤቱም ቢሮ ውስጥ ሳይቀር ዶርም በር ላይ ይለጠፍ፣ የጨለማው መንገድ መብራት መቼ እንደሚገባ ጭምር ተጽፎበት።