አንድ ክፍል ለመጨመር አምስት ሳምንት

ከውጭ መጥታችሁ የወላጆቻችሁን ቤት ለማስፋት የምታስቡ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ይዞታውን አስለኩ። ቀጥሎ የፕላን ስምምነት፣ ማለትም ቦታው ላይ ምን እንደታሰበ የሚገልጸውን ወረቀት፣ ጠይቁ። ዲዛይነር ዘንድ የሚኬደው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ይህን ገልብጬ 60 ሺህ ብርና ከአምስት ሳምንት የዕረፍት ፈቃዴ ሦስቱን አጥቻለሁ። የማንንም ስም አልጠራም፣ የትኛው ክፍለ ከተማ እንደሆነም አልናገርም፤ የሆነውን ግን እንደሆነው እጽፋለሁ።

ለንደን መኖር ከጀመርኩ 19 ዓመት አልፎኛል። ታኅሣሥ 2017 ለገና አዲስ አበባ የገባሁት አንድ ነገር አስቤ ነው፤ ለእናቴ ከመኝታዋ ጋር የተያያዘ ሽንት ቤትና ሻወር ላሠራላት። ቤታችን ከአራት ኪሎ በእግር አሥራ አምስት ደቂቃ በሚያስኬድ ሰፈር ውስጥ ያለ ጭቃ ቤት ነው። በ1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ ለአባቴ የቀረለት ይኸው አንዱ ነው። ሽንት ቤቱ ግቢው ጥግ ነው። እናቴ 78 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷ ታሟል፤ ሌሊት ስትወጣ የቤቱን ግድግዳ በእጇ እየዳሰሰች ነው የምትሄደው። እጇ የሚያርፍበት ላይ ኖራው ተልጦ ጭቃው ወጥቷል። ከበሩ መቃን ተነስቶ በወገቧ ከፍታ እስከ ቤቱ ማዕዘን የሄደ መስመር ሠርቷል። ባለፈው ክረምት ማዕዘኑ ላይ፣ ግድግዳው አልቆ የሚደገፉት ነገር በሌለበት ቦታ፣ ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። እኔ የሰማሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ «ሥራ ላይ ሆና አትረበሽ» ብላ ወንድሜን ከልክላው።

ዲዛይነሩን ያገኘነው በዘመድ ነው። ቢሮው ያምራል፣ አቀባበሉም ጥሩ ነበር። ያልገባኝ የመጀመሪያው ጥያቄው ነው። ስለ ቤቱ ሳይጠይቀኝ «ከየት አገር ነው የመጣሽው?» አለኝ። ለንደን አልኩት። ዋጋው 120 ሺህ ብር ነው አለ፤ ግማሹ ቅድሚያ። የወንድሜ የሥራ ባልደረባ ለተመሳሳይ ሥራ 45 ሺህ መክፈሉን የሰማሁት ገንዘቡን ካስተላለፍኩ በኋላ ነው። ሰውየው አንድ ቀን እንኳ ግቢያችንን አልረገጠም። ካርታውን በቴሌግራም ላኩልኝ አለ፣ ላክንለት። በሳምንቱ የመጣው ጂ ፕላስ ዋን ነው፤ ሰገነቱ በመስታወት የታጠረ፣ ግቢው ውስጥ መኪና የቆመበት ባለ ቀለም ሥዕል። እናቴ ስልኩን ዓይኗ ሥር አስጠግታ አየችና «ይሄ የማን ቤት ነው?» አለች።

አንድ ክፍል ነው የጠየቅኩት አልኩት። «እዚህ መሃል ከተማ አንድ ክፍል ብሎ ፈቃድ የለም» አለኝ። አላውቅምና አመንኩት። ኋላ እንደተረዳሁት፣ በዋና መንገድ ዳር ባሉ አንዳንድ ቦታዎች ፕላኑ ዝቅተኛ የፎቅ ቁጥር ያስገድዳል፤ የእኛ ግን ውስጥ ለውስጥ መንገድ ላይ ነው፣ አይመለከተንም። ደግሞ ፕላኑ ላይ የተመታው ማህተም የእሱ አልነበረም። የሌላ አማካሪ ድርጅት ነው፣ ፈራሚውንም አይተነው አናውቅም።

ያንን ይዘን ክፍለ ከተማ ሄድን። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ወረቀቱን አገላብጣ «የፕላን ስምምነቱስ?» አለችን። የለም። «ካርታው መስክ ላይ ተረጋግጧል?» አልተረጋገጠም። በትሕትና ነው የመለሰችን፣ እሷን አልወቅስም። ዲዛይነሩን ስንደውልለት «እሱ የባለይዞታው ሥራ ነው፣ የእኔ ዲዛይን ብቻ ነው» አለ። 60 ሺህ ብር ከተቀበለ በኋላ።

ከዚያ የሆነውን በዝርዝር የምጽፈው ሌላ ሰው ቀኑን አስቦ እንዲመጣ ነው። የመጀመሪያው ቀን፣ ማህደራችን መዝገብ ቤት የለም ተባለ። ሁለተኛው ቀን፣ አለ፣ ግን ባለሙያው ፊልድ ወጥቷል። ሦስተኛው ቀን ስብሰባ ነው። አርብ ዕለት ከ5:30 በፊት እንድረስ ብለን ተሯሩጠን ደረስን፤ ሲስተም የለም። በሚቀጥለው ሳምንት ሰኞ ደግሞ ማህደሩ እንደገና ጠፋ። ማክሰኞ ወንድሜ ከሥራው አስፈቅዶ ሲሄድ፣ ማህደሩ ስንጠይቅበት ከነበረው ክፍል ጎን ባለው ክፍል መስኮት ሥር፣ በሲባጎ ከታሰሩ ሌሎች ማህደሮች ጋር መሬት ላይ ተገኘ። የአባቴ ፊርማ ያለበት ወረቀት፣ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት የሆነው ሰው ፊርማ፣ አቧራ ለብሶ። ወንድሜ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። እናቴ አጠገብ ነበርኩና ስልኬን ገለበጥኩት።

በር ላይ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። «እህቴ፣ በሁለት ቀን እጨርስልሻለሁ፣ የሻይ ብቻ ነው» ይላሉ። ብከፍል ኖሮ እናገር ነበር፤ አልከፈልኩም። እውነቱን ለመናገር ግን በሁለተኛው ሳምንት ማብቂያ ላይ እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ገብቶ ነበር። የመለሰኝ ወንድሜ ነው፤ «አንቺ ትሄጃለሽ፣ እኔ ነኝ እዚህ ፊታቸውን የማየው» ብሎኝ።

በለንደን የማውቀው ሌላ ነው። ግራና ቀኝ የተያያዘ ቤት ካለህ ከኋላ እስከ 3 ሜትር ባለ አንድ ወለል ክፍል ለመጨመር በአብዛኛው የፕላን ፈቃድ አያስፈልግህም። ካስፈለገህ ደግሞ የአካባቢው ካውንስል በ8 ሳምንት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። እዚያም ሰው ይማረራል፣ ስምንት ሳምንት አንዳንዴ ያልፋል። ግን ማመልከቻዬ የት እንደደረሰ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ በስልኬ አያለሁ፣ ጎረቤትም ተቃውሞ ካለው ጽፎ ያስገባል። እኔን ያመመኝ ጊዜ መፍጀቱ አይደለም፤ ማህደራችን የት እንዳለ የሚነግረን ሰው ማጣታችን ነው። ይህን የምለው አገሬን ለማሳነስ እንዳይመስልባችሁ። ያደግኩበት ነው፣ እናቴ ያለችበት ነው፣ ስለዚህ ያመኛል።

አንድ የተመሰገነ ነገር ሳልጽፍ አላልፍም። እናቴ ለወንድሜ ውክልና እንድትሰጥ ሰነዶች ማረጋገጫ ይዘናት ሄድን። ቀኑን ሙሉ ይፈጃል ብለን ምሳ ቋጥረን ነበር። አንዲት ሠራተኛ እናቴን አይታ ከወረፋው አስቀድማ ወንበር ሰጠቻት፤ ጽሑፉን ጮክ ብላ አንብባ «እማማ፣ ገባዎት? ቤቱን እንዲሸጥ ሳይሆን ጉዳይ እንዲያስፈጽም ነው» ብላ አስረዳቻት። ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ገብተን አምስት ሰዓት ሳይሞላ ወጣን። ምሳውን ቤት በላነው።

ሁለተኛዋን አርክቴክት ያገኘኋት እዚያው ክፍለ ከተማ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። የሌላ ደንበኛ ጉዳይ ይዛ ወረፋ ትጠብቃለች። እጄ ላይ ያለውን ሥዕል አየችና «ይቅርታ፣ ይሄ ያስፈልግሻል?» አለችኝ። ታሪኩን ነገርኳት። ከልደታ ህንፃ ኮሌጅ የወጣች፣ የራሷ ፈቃድና የራሷ ማህተም ያላት ወጣት ነች። በማግስቱ መጥታ ግቢያችን ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ ቆየች። መጀመሪያ ምንም አልለካችም። ከእናቴ ጋር ቁጭ ብላ ቡና ጠጣች፣ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደምትነሳ፣ በየትኛው ጎኗ እንደምትተኛ፣ የትኛው ጉልበቷ እንደሚብስባት ጠየቀቻት። ከዚያ ተነስታ ግድግዳው ላይ ያለውን የተላጠ መስመር ከመሬት ስንት ሴንቲሜትር እንደሆነ በሜትር ለካች። 84። የሻወሩ መደገፊያ ብረት የሚተከለው በዚያ ከፍታ ነው አለች። እዚያ ጋ አለቀስኩ። የከፈልኩትም ያልከፈልኩትም ሰው ሁሉ ይህን ቢያስብ ብዬ።

ስለ ሕጉም ያስረዳችኝ እሷ ነች። ያኔ በሥራ ላይ በነበረው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎች በሦስት ምድብ ይከፈሉ ነበር። ባለ አንድ ወለል ሆኖ በምሰሶዎቹ መሃል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ከሆነ ምድብ «ሀ» ነበር፤ የሚጠየቀው ሰነድም ቀለል ይል ነበር። ፎቅ ሲሆን ወደ ምድብ «ለ» ይገባ ነበር፣ የስትራክቸሩም የሌላውም ሥራ ይበዛል፣ ክፍያውም አብሮ ይጨምራል። የመጀመሪያው ሰውዬ ፎቅ የሣለልኝ ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ደግሞ አዲሱን የብሎኬት ግድግዳ ከአሮጌው ጭቃ ጋር አናጣብቀውም አለች፤ የራሱ ፎንዴሽን ይኖረዋል፣ መሃሉ ላይ ክፍተት ትተን ከላይ በቆርቆሮ እንሸፍነዋለን። ጭቃው ክረምት ያብጣል በጋ ይኮማተራል፣ ከተጣበቁ ሁለቱም ይሰነጠቃሉ። ለሁሉም 50 ሺህ ብር ጠየቀችኝ፣ በሦስት ጊዜ የሚከፈል፣ የመጨረሻው ፈቃዱ ሲወጣ። ውሉን በሁለት ገጽ ጽፋ ሰጠችኝ።

የፕላን ስምምነቱ ጉዳይ እንደ ቀላል እንዳይታይ። ካዛንቺስ ድሮ የማውቃቸው ቤቶች ፈርሰው የሉም። በዋናው መንገድ የእግረኛው መሄጃ ሰፍቷል፣ ማታ መብራቱ ያምራል፣ ይህን አልክድም። ግን በሰፈራችን በየቤቱ «የእኛስ?» የሚል ጥያቄ አለ። የፕላን ስምምነቱ ቦታህ ላይ ምን እንደታሰበ፣ መንገድ ይነካው አይነካው፣ መልሶ ማልማት ውስጥ ይግባ አይግባ ይነግርሃል። እኛ ጋ መንገዱ አይነካንም ተባለ፣ ባለ አንድ ወለል መጨመር ይቻላል። ያን ወረቀት ሳልይዝ ብሠራ ኖሮ እናቴን አዲስ ክፍል አስገብቼ ሊፈርስባት ይችል ነበር።

ልኬታው ነው ሌላ ጣጣ ያመጣው። ሁለት ባለሙያዎች መጡ፣ መኪና ስለሌላቸው በራይድ ያመጣናቸው እኛ ነን። ካርታው 162 ካሬ ይላል። መሬት ላይ የተገኘው 187 ነው። በድሮ ጊዜ በሜትር ገመድ የተለካ ነው፣ በኋላ በኩል ያለው አጥርም ወንዙ ባለበት አቅጣጫ እንጨቱ ሲበሰብስ እየተተከለ ትንሽ ትንሽ ገፍቷል፤ ይህን እናቴም አልካደችም። ትርፉ 25 ካሬ በኮሚቴ ይታያል ተባለ። የመጀመሪያው ዲዛይነር ክፍሉን ያስቀመጠው ደግሞ ልክ እዚያ 25 ካሬ ላይ ነው። ቦታውን ሳያይ።

አርክቴክቷ ያን ቀን ማታ ክፍሉን ወደ ማዕድ ቤቱ ጎን አዛወረችው፣ 162ቱ ውስጥ ሙሉ ለሙሉ እንዲገባ። በጎረቤት ድንበር በኩል መስኮት አይከፈትም፣ ስለዚህ ብርሃኑን ከግቢው በኩል አመጣችው። የእናቴ ጌሾ ሊቆረጥ ነበር፤ ሽንት ቤቱን አርባ ሴንቲሜትር ገፋ አድርጋ አተረፈችው። ኮሚቴው የፈለገውን ቢወስን ክፍሉ አይነካም አለችን።

እኔ ጥር አጋማሽ ላይ ተመለስኩ። ፈቃዱ መጋቢት ላይ ወጣ፤ ወንድሜ ፎቶውን የላከልኝ ባቡር ውስጥ ሆኜ ነው። ለመንግሥት የከፈልነው ሁሉ በደረሰኝ ነው፣ ብዙም አይደለም። ብሎኬቱና ፌሮው ነው የከበደን፤ የብር ምንዛሪ ሐምሌ 2016 ላይ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዕቃ ዋጋ በየሳምንቱ ይለያይ ነበር፣ ፓውንድ ይዤ መጥቼም ያሰብኩትን ያህል አልገዛሁም። ዕቃ የምትገዙ ከሆነ ዋጋውን በጠየቃችሁበት ቀን ግዙ።

60 ሺህ ብሩ አልተመለሰም። ወንድሜ ቢሮው ድረስ ሁለት ጊዜ ሄዷል፤ አሁን ስልክም አያነሳም። ስለ 25 ካሬውም ባለፈው ሐሙስ ጠይቆልኝ ነበር፤ ኮሚቴው ገና አልተሰበሰበም ብለውታል።