የቆዳ ሰገባ፣ ክዳን ያለው ሳጥን ወይስ ማግኔት? ሀዋሳ ላይ ቢላ እንዳይዝግ የቱን ልግዛ ለምትሉ

ፋሲካ ላይ ቅርጫ የተከፋፈለበት ቢላ ታጥቦ ሰገባው ውስጥ ይገባና ቁምሳጥን ላይ ይወጣል፣ ከዛ ክረምቱን ሙሉ ዞር ብሎ የሚያየው የለም፣ እንቁጣጣሽ ላይ ሲወርድ ስለቱ ቡናማ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሆኗል ሰገባው ደሞ ሻጋታ ለብሷል። ሐይቅ ዳር ለምንኖር የሀዋሳ ሰዎች ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። ሰው ቶሎ ብሎ ቢላውን ነው የሚወቅሰው፣ እኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የማስቀመጫው ነው ባይ ነኝ፣ ስለዚ አዲስ ቢላ ከመግዛታችሁ በፊት ማስቀመጫውን እናወዳድር።

መጀመሪያ ግን እጃችሁ ላይ ያለው ምን አይነት ብረት እንደሆነ እወቁ። ከመኪና ባሌስትራ ተቀጥቅጦ የተሰራ ቢላ ካላችሁ ስለት አያያዙ ግሩም ነው፣ ሲሳልም ቶሎ ይነሳል፣ ግን እርጥበት ላይ ምህረት የለውም፣ ሎሚ ወይ ቲማቲም ቆርጣችሁበት ሳትጠርጉት ብትተዉት እዛው ይጠቁራል። ስቴንለስ የሚባለው ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮምየም አለበት፣ እሱ ነው የሚከላከልለት። ይሄ ማለት ግን ፈጽሞ አይዝግም ማለት አይደለም፣ ጨውና እርጥበት ለረጅም ጊዜ ከተኛበት እሱም ጉድጓድ ጉድጓድ ያወጣል። አሞራ ገደል ሐይቁ ዳር ዓሳ የሚበልቱት ልጆች ቢላቸው ቀኑን ሙሉ እርጥብ ነው ግን በየቀኑ ስለሚሰራበትና ስለሚሳል ዝገት ጊዜ አያገኝም፣ ችግሩ ያለው ለወራት የሚቀመጠው ላይ ነው።

የቆዳ ሰገባን እንይ። ለመያዝ፣ ለመንገድ፣ ገጠር ይዞ ለመሄድ ከሱ የተሻለ የለም፣ እጅም ስለትም ይጠብቃል። ለማስቀመጫ ግን መጥፎ ነው፣ ከሁሉም መጥፎ እላለሁ። ቆዳ እርጥበት ከአየር እየሳበ ይይዛል፣ የያዘውን እርጥበት ደሞ ብረቱ ላይ አጣብቆ ያቆየዋል፣ በዛ ላይ ሲለፋ የገባበት ኬሚካል በውስጡ ይቀራል። በእጽዋት የተለፋው ቆዳ አሲድነት አለው፣ በክሮም የተለፋው ደሞ ጨው ሊቀርበት ይችላል፣ ሁለቱም ብረት ላይ ሲተኙ ብረቱን ይጎዱታል። ስትገዙ የተቆረጠውን ጠርዝ ተመልከቱ፣ መሃሉ ሰማያዊ ወይ ግራጫ መሳይ ከሆነ በክሮም የተለፋ ነው፣ ለሰገባ እኔ በእጽዋት የተለፋውን ወፈርና ጠንከር ያለውን ነው የምመርጠው ምክንያቱም ቅርጹን ይይዛል። የናስ ምስማር ካለበት ዙሪያውን አረንጓዴ ሙጫ የመሰለ ነገር ሲያወጣ ታያላችሁ፣ እሱ ናሱ ከቆዳው ቅባት ጋር ተገናኝቶ የሚፈጥረው ነው፣ በደረቅ ጨርቅና በጥርስ መፋቂያ እንጨት ይነሳል።

ክዳን ያለው ፕላስቲክ ሳጥን ከሲሊካ ጄል (እርጥበት ከሚመጠው ፍሬ) ጋር፣ የኔ ምርጫ ይሄ ነው፣ በተለይ ከበዓል በዓል ለሚቀመጥ ቢላ። ሻጋታ የአየሩ እርጥበት ወደ 70 በመቶ ሲጠጋና ሲያልፍ ነው የሚመቸው፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን አየር ከዛ በታች ካደረጋችሁት ከሻጋታው ተገላገላችሁ። ግን ክዳኑ የምር መግጠም አለበት፣ ዙሪያው ላይ ጎማ ያለው ቢሆን ይሻላል፣ ክፍተት ካለው ሲሊካው የቤቱን አየር በሙሉ ለማድረቅ ሲታገል ይጠግብና በቃ ስራ ያቆማል። አዲስ ጫማና ቦርሳ ውስጥ የሚመጡትን ትናንሽ ፓኬቶች የምታጠራቅሙ ካላችሁ አንድ ሁለቱ ለሳጥን አይበቁም፣ ከየት እንደመጡና ምን ያህል እንደጠገቡም አይታወቅም። ቀለም የሚቀይረውን ግዙ፣ ብርቱካናማው ሲጠግብ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፣ ሰማያዊው ወደ ሮዝ። ምግብ የሚነካ ቢላ አጠገብ ሰማያዊውን አልመክርም፣ ኮባልት ክሎራይድ አለበትና መርዛማ ነው። ሲጠግብ መጣል የለም፣ ፍሬዎቹን ከፓኬቱ አውጥታችሁ ትሪ ላይ ዘርግታችሁ ኦቨን ውስጥ ወደ 120 ዲግሪ አካባቢ ለ2 ሰዓት ያህል ብታደርቁት ይመለሳል። ሩዝ በጨርቅ ቋጥሮ ማስገባት ብዙ ሰው ያደርገዋል፣ ደካማ ነው፣ ጨው ደሞ በጭራሽ፣ እርጥበት ይስባል ብረትም ይበላል። ሳጥኑ ውስጥ ቢላውን ከሰገባው አውጥታችሁ ለየብቻ አስቀምጡ፣ ስለቱን በካርቶን ሸፍኑት ልጅ እንዳይነካው። እርጥብ ነገር ሳጥን ውስጥ መክደን ግን ከሰገባም የባሰ ነው፣ ሌሊቱን አየር ላይ አሳድራችሁ አስገቡት።

ማግኔት ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው በየቀኑ ለምትጠቀሙበት የማእድ ቤት ቢላ ምርጥ ነው፣ አየር ያገኛል፣ ቦታ አይፈጅም፣ እርጥብ እንደሆነም ወዲያው ይታያል። ከምድጃና ከማንቆርቆሪያ እንፋሎት ግን ራቅ አድርጉት። ደሞ ስታነሱ ስለቱን እየጎተታችሁ ሳይሆን ከጀርባው በኩል አዙራችሁ፣ ካልሆነ ስለቱ ይጎዳል። ትናንሽ ልጆች ያሉበት ቤት ከፍ ተደርጎ ካልተሰቀለ ይቅር።

የእንጨት ብሎኩ ያምራል እንጂ ክፍተቶቹ ውስጥ ያለው ቆሻሻ አይጸዳም አይደርቅም፣ አልገዛውም።

ቅባቱን በተመለከተ፣ ማስቀመጫው የትኛውም ቢሆን ቢላው ላይ ስስ ቅባት ያስፈልጋል፣ ባሌስትራው ላይ በተለይ። ፋርማሲ የሚሸጠው ሊኩዊድ ፓራፊን ጥሩ ነው፣ ምግብ የሚነካ ስለሆነ የምወደው እሱን ነው፣ ለብዙ ወራት የሚቀመጥ ከሆነ ቫዝሊን ስስ አድርጋችሁ ቀቡት አይፈስም። የስፌት ማሽን ዘይት ብረቱን ይጠብቃል ግን ስጋ ከመቁረጣችሁ በፊት በሳሙና በደንብ መታጠብ አለበት። የኑግም ሆነ የሱፍ ዘይት አትጠቀሙ፣ በጊዜ ብዛት ይደርቅና እንደ ሙጫ ይሆናል፣ ሽታውም ይቀየራል። ሰገባውን ደሞ ቅቤ ወይ ሞራ የሚቀቡ አሉ፣ ቆዳው ለጊዜው ይለሰልሳል ግን ሻጋታን መመገብ ነው፣ ጠንካራ መሆን ያለበት ሰገባም ይልፈሰፈሳል። የንብ ሰም ትንሽ ሞቅ አድርጋችሁ በጨርቅ ከውጪ እሹት፣ ይበቃዋል።

ቀድሞ የሻገተ ሰገባ ካላችሁ ቤት ውስጥ አትቦርሹት፣ ውጪ አውጥታችሁ በደረቅ ብሩሽ አራግፉት፣ ከዛ በ70 በመቶ አልኮል የረጠበ ጨርቅ ጥረጉት፣ መጀመሪያ ጥግ ላይ ሞክሩት ቀለም ሊለቅ ይችላል። ጥላ ውስጥ ንፋስ እየነካው ይድረቅ፣ የሀዋሳ ጸሀይ ላይ ካሰጣችሁት ይሰነጠቃል። ስፌቱ ከበሰበሰ ወይ ሽታው ቀናት ቆይቶም ካልለቀቀ ቢላውን አትመልሱበት፣ አዲስ አሰፉ፣ ስታሰፉም ከታች ጫፉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይተዉለት በሉ፣ የገባው ውሃ መውጫ እንዲያገኝ።