ቲፒ ሊንክ ቲኤል-ደብሊውአር841ኤን ራውተር፦ ሪሴቱና የአይፒ አድራሻ አቀያየሩ ሲገመገም

ባለሁለት አንቴናው ቲኤል-ደብሊውአር841ኤን በገበያ ላይ ዓመታት ያስቆጠረ ርካሽ ራውተር ነው። ዋይፋዩ በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ የሚሠራ፣ የገመድ ፖርቶቹም ከ100 ሜጋቢት የማያልፉ በመሆናቸው ፈጣን የፋይበር መስመር ላስገባ ቤት አልመክረውም። ስለ ፍጥነቱ ግን ብዙ ስለተባለ፣ እኔ የማተኩረው ብዙ ገዢ በሚቸገርበት ጉዳይ ላይ ነው፤ ይኸውም ራውተሩን ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ መመለስ (ሪሴት) እና የአይፒ አድራሻውን፣ ማለትም ብራውዘር ላይ ተጽፎ የቅንብር ገጹ የሚከፈትበትን ቁጥር፣ መቀየር ነው።

ያገለገለ ለሚገዛ ሰው ሪሴት የመጀመሪያው ሥራ መሆን አለበት፤ አለዚያ የቀድሞው ባለቤት ያስገባው ይለፍ ቃል እንደነበረ ይቀራል። ራውተሩ በርቶ ሳለ ከጀርባው ያለውን ቁልፍ 10 ሰከንድ ገደማ ተጭኖ መያዝና የመብራቶቹ ብልጭታ ሲለወጥ መልቀቅ በቂ ነው። ያልተዋጠልኝ ነገር ቢኖር፣ በብዙዎቹ ሥሪቶች ላይ ይኸው ቁልፍ የደብሊውፒኤስ (ይለፍ ቃል ሳይጻፍ መሣሪያ የሚያገናኝ) ቁልፍም መሆኑ ነው፤ ለአፍታ ሲነካ ይህን የሚደግፍ መሣሪያ ያገናኛል፣ ትንሽ ቆየት ብሎ ሲጫን ደግሞ ያስተካከሉትን ሁሉ ያጠፋል። ሕፃናት ባሉበት ቤት በመርፌ ጫፍ ብቻ የሚነካ ቀዳዳ ይሻል ነበር። ከሪሴት በኋላ የዋይፋዩ ስምና ይለፍ ቃል ከሥሩ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል። ወደ ቅንብር ገጹ ለመግባት የቆዩት ሥሪቶች በስሙም በይለፍ ቃሉም ሳጥን ውስጥ አድሚን (admin) የሚለውን ቃል ሲቀበሉ፣ አዳዲሶቹ የራስን ይለፍ ቃል እንዲፈጥሩ ያስገድዳሉ፤ ይህ ትክክለኛ ማሻሻያ ነው።

አድራሻውን በተመለከተ፣ የቆዩት በ192.168.1.1፣ አዳዲሶቹ በ192.168.0.1 ይከፈታሉ። ልዩነቱ ቀላል ቢመስልም፣ ከአገልግሎት ሰጪው የሚመጡ ብዙ ሞደሞች 192.168.1.1ን ስለሚይዙ፣ የቆየውን ሥሪት ከሞደሙ ኋላ የሚሰካ ሰው ዋይፋዩ ተገናኝቶ ኢንተርኔቱ እንቢ ሊለው ይችላል፤ ራውተሩ በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ኔትወርክ ስለሚያይ የትኛው ውስጥ፣ የትኛው ውጭ እንደሆነ መለየት ያቅተዋል። መፍትሔው ኔትወርክ ከሚለው ሥር ላን (የቤቱ የውስጥ ኔትወርክ) የሚለውን ገጽ ከፍቶ አድራሻውን ለምሳሌ ወደ 192.168.5.1 መቀየር ነው፤ የኔትወርኩን ስፋት የሚወስነው 255.255.255.0 የሚለው ማስክ አይነካም። ገጹ ያልተዝረከረከና ለጀማሪም ግልጽ በመሆኑ ለዚህ ክፍል ሙሉ ነጥብ እሰጠዋለሁ። ሴቭ ከተባለ በኋላ ግን አሮጌው ገጽ ደርቆ ይቀራል፤ ዕቃው ተበላሸ ብሎ ከሶኬት ከመንቀል ይልቅ፣ እስኪነሣ ታግሦ ስልኩን ወይም ኮምፒውተሩን ከዋይፋዩ አላቅቆ እንደገና ማገናኘትና በአዲሱ አድራሻ መግባት ነው።

ዓላማው ዋይፋዩን እስከ ሰርቪስ ቤት ለማድረስ ብቻ ከሆነ ሌላ መንገድ አለ። ለራውተሩ ከሞደሙ ኔትወርክ ውስጥ ሞደሙ ለሌላ መሣሪያ የማያድለውን ቁጥር መስጠት፣ ለመሣሪያዎች አድራሻ የሚያድለውን ዲኤችሲፒ ማጥፋት፣ ከዚያም ከሞደሙ የመጣውን ገመድ በሰማያዊው የኢንተርኔት ፖርት ሳይሆን ከቢጫዎቹ በአንዱ መሰካት ነው። አክሰስ ፖይንት (የሞደሙን ኔትወርክ በዋይፋይ ብቻ የሚያሰራጭ) የሚል ምርጫ ያላቸው አዳዲስ ሥሪቶች ይህን ጣጣ ያስቀራሉ።

የአገልግሎት ሰጪውን ሞደም ግን በዚሁ ድፍረት ሪሴት ማድረግ አይገባም። መስመሩ በፒፒፒኦኢ፣ ማለትም ሞደሙ በመለያና በይለፍ ቃል በሚገባበት ዘዴ፣ የሚሠራ ከሆነ የደንበኛው መለያና ይለፍ ቃል አብረው ስለሚጠፉ፣ እነሱን የማያውቅ ሰው ያለ ኢንተርኔት ተቀምጦ ወደ ደንበኞች አገልግሎት ለመደወል ይገደዳል። በራውተሩ በኩል ግን ሲስተም ቱልስ ውስጥ ቅንብሩን በፋይል የሚያስቀምጥ ባክአፕ አለ፤ ሁሉን ካስተካከሉ በኋላ ፋይሉን ኮምፒውተር ላይ ማኖር በዚያ ባለሁለት ተግባር ቁልፍ ምክንያት ሊመጣ የሚችለውን ድካም ይቀንሳል።